የኢሳይያስ ነጭ

ገበያነሽ ሾዴ በየማለዳው፣ ቱታዋን እንኳ ሳትለብስ፣ ከሁሉ አስቀድማ የምታደርገው ነገር የብርጭቆ ወረቀት መዘፍዘፍ ነው። የቆርቆሮውን ባልዲ ከቧንቧው ትሞላለች፤ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ትጨምርበታለች፤ ወረቀቶቹን ከሻካራው ወደ ለስላሳው በየተራ ታሰጥማቸዋለች። ደረቅ ወረቀት ይጭራል። ውሃ የጠገበ ወረቀት ግን ይታዘዛል፤ በጣት ልክ ይተጣጠፋል፤ የሞተውን ቀለም እየወሰደ ደህናውን ይተዋል። ቱታዋን የምትለብሰው ከዚህ በኋላ ነው። ከቱታው ኪስ መዳፍ የምታክል የነጠላ ቁራጭ አውጥታ ንጽሕናዋን ታያለች፤ መልሳም ትከታታለች።

ጋራዡ ከዊንጌት ታክሲ ተራ ወረድ ብሎ፣ በአንድ ወፍጮ ቤትና በአንድ ብሎኬት ማምረቻ መካከል ነው። ባለቤቱ ጋሽ ፈለቀ ናቸው፤ ስድሳውን ያለፉ፣ ሆዳቸው ከቀበቶአቸው የሚቀድም፣ በበሩ ለሚያልፍ ሰው ሁሉ አንድ ቀልድ የማያጡ ሰው። የተጨራመተ ቆርቆሮ የሚያቀኑ ሁለት ባትላሜራዎችና አንድ ቀለም ቀቢ አሏቸው። ፀሐይ የበላውን ቀለም በውሃ ፈግፍጎ፣ በማሽን ወልውሎ መልሶ ማብራት የገበያነሽ ሥራ ነው። ይህን ሥራ የያዘችው ለአንድ ከሰዓት በኋላ ብላ ነበር።

የነጠላ ቁራጯን ያስያዛት ታላቅ ወንድሟ ኢሳይያስ ነው። አባታቸው አቶ ሾዴ ከዶርዜ ተራራ መጥተው ሽሮ ሜዳ የተቀመጡ ሸማኔ ነበሩ፤ ወንድ ልጃቸውም ከሽመናው ጉድጓድ ገብቶ እንዲቀመጥ ፈልገው ነበር። ተቀመጠም። ጢሙ ማቀምቀም ሲጀምር ግን ከጉድጓዱ ወጥቶ ጋሽ ፈለቀ ጋራዥ ገባ። ገበያነሽ ምሳ ታመላልስለት ነበር። አንድ ቀን ዓይኗን አስጨፍኖ እጇን በአንድ መኪና በር ላይ አስቀመጠው።

«ምን አለ?» አላት።

«ምንም የለም። ልሙጥ ነው።»

ከኪሱ የነጠላ ቁራጭ አውጥቶ በመዳፏና በበሩ መካከል አስገባ። «አሁንስ?»

እጇን አንሸራተተች። «እዚህ ጋ የጥጥ ፍሬ ያህል ነገር አለ። እዚህ ደግሞ ጎድጓዳ ነው።»

«አየሽ? ባዶ እጅ ይዋሻል» አለ። «ጨርቅ ግን ይንሸራተትና ያለውን ይናገራል። ይህን ጋሽ ፈለቀ አያውቁትም፤ እንዳትነግሪያቸው።»

ኢሳይያስ በዚያ ጋራዥ ብዙ አልቆየም። የአንድ ሐኪም ነጭ መርሴዲስ በሩ ተገጭቶ መጣ። ኢሳይያስ በሩን አቅንቶ፣ ጎድጓዳውን ሞልቶ፣ ፈግፍጎ ሊቀባው ሲል ነጩ ቀለም አልጣመውም፤ ቢጫ ቢጫ አለው። እናቱ ጋቢ ሲያጥቡ የመጨረሻው ውሃ ላይ ቁንጥር ሰማያዊ ዱቄት ይበትኑ ነበር። ነጩን ነጭ የሚያደርገው ያ ነው፤ ከሸማኔ ቤት ወጥቶ ይህን የማያውቅ ልጅ የለም። ኢሳይያስም ዱቄቱን ከቤት በወረቀት ጠቅልሎ አመጣና ቀለሙ ውስጥ በጠበጠው። ከጋራዡ ቆርቆሮ ሥር በሩ በረዶ መሰለ። መኪናው ወደ ፀሐይ ሲወጣ ግን በሩ ከቀረው አካሉ ተለይቶ ውሃ ሰማያዊ ሆነ።

ጋሽ ፈለቀ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «የሸማኔ ልጅ መኪናውን እንደ ጋቢ አጠበው» አሉ። ባትላሜራዎቹ ሳቁ፤ ሐኪሙም ሳቀ። ኢሳይያስ በሩን እንደገና ፈግፍጎ በተለመደው ነጭ ቀባው። በሩ ደርቆ፣ መኪናው ወጥቶ ከሄደ በኋላ እጁን ታጠበ፤ ቱታውን ምስማሩ ላይ ሰቀለ፤ ወጣ።

ገበያነሽ ምሳውን ይዛ ስትመጣ አጣችው። ባልዲው ውስጥ የዘፈዘፋቸው ወረቀቶች ነበሩ። አጠገቡ ግማሽ ጎኗ የተፈገፈገ አንዲት ቮልስዋገን ቆማለች። ጠበቀችው። ውሃው ሲቀዘቅዝ፣ ወረቀቶቹ ከልክ በላይ ሲርሱ፣ እስኪመጣ ብላ አንዱን አነሳችና ከተወበት ቀጠለች። ጋሽ ፈለቀ አይተው አልከለከሏትም። በማግስቱም አልከለከሏትም። ይኸው ሃያ ዓመት አለፈ።

ኢሳይያስ መተማ አለ ተባለ። ጅቡቲ ወደብ ላይ ያየው ሰው አለ ተባለ። አየሁት ያለው ሰው ሲጠየቅ ደግሞ እኔ አይደለሁም፣ የሰማሁት ነው አለ። የዶርዜ ሰው የትም ይኑር የት ለመስቀል ወደ ተራራው ይመለሳል፤ አቶ ሾዴ «ለመስቀል ያልመጣን ሰው ሞቷል በሉት» ይሉ ነበር። ይህን እያሉ ግን በየዓመቱ በሬው ታርዶ ሥጋው ሲመደብ የኢሳይያስን ድርሻ ሳያስለዩ አይነሡም። ገበያነሽ በእነዚያ መስቀሎች ከሰው ተለይታ ከገደሉ አፋፍ ላይ ትቆም ነበር። ከዚያ ቁልቁል ሁለቱ ሐይቆች ይታያሉ፤ አባያ ጭቃማ ቡኒ፣ ጫሞ ሰማያዊ። ዓይኗ ውሃው ላይ ያርፋል፤ ሐሳቧ ግን መተማ ነበር፣ ጅቡቲ ነበር። ታች ያለውን ውሃ እያየች ወንድሟ እዚያ ይኖር ይሆን ብላ አስባ አታውቅም። አባቷ ከሞቱ በኋላ እሷም መሄዱን ተወችው።

ጀልባዋ የመጣችው በነሐሴ መጨረሻ፣ በዝናብ፣ በአይሱዙ ላይ ተጭና ነው። ወፍጮ ቤት የመጡ ሴቶች ዱቄታቸውን ታቅፈው ሊያዩ ወጡ። ጋሽ ፈለቀ በሩ ላይ ቆመው ከጭነት መኪናው የወረደውን ወጣት ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ኖህ ሆይ፣ ዘገየህ» አሉት። «ዝናቡ እኮ ሊያቆም ነው።»

ወጣቱ ኪብሮን ይባላል። የጉለሌ ልጅ ነው። አርባ ምንጭ ላይ አስጎብኚ ሆኖ ሠርቶ፣ ከአራት ዓመት በፊት ይህችን የፋይበር ጀልባ ከአንድ ሰው ገዝቶ፣ በጫሞ ላይ አዞና ጉማሬ ለማየት የሚመጣውን እንግዳ በእሷ ያዞራል። ክረምቱ ሥራ ስለሌለው ሞተሯን ሊያሠራ፣ መልኳንም ሊያስመልስ አመጣት።

«እንደ መኪና አብሩልኝ፣ ጋሽ ፈለቀ» አለ። «ለመስቀል እንግዶች አሉኝ። ፎቶዋ ሁሉ ቦታ ይለጠፋል።»

ገበያነሽ ቀርባ መዳፏን በጀልባዋ ጎን ላይ አሻሸች። እጇ ነጭ ሆኖ ተመለሰ፤ ጠመኔ የያዘ የመምህር እጅ መሰለ። ፋይበሩን የሚያለብሰው ነጭ ሽፋን፣ ጄልኮት የሚሉት፣ ፀሐይ ሲበላው እንዲህ ይበንናል። ከባልዲው ውሃ አንስታ ረጨችበት። ውሃው የነካው ቦታ ሁሉ ወዲያው አዲስ ሆነ፤ እንደ ሸክላ ሳህን አብረቀረቀ።

«ይኸው፣ አለቀ እኮ» አለ ኪብሮን።

«ሲደርቅ ንገረኝ» አለችው።

ቆመው ጠበቁ። ውሃው ከላይ ወደ ታች ሲደርቅ ነጭነቱም አብሮት ወረደ። መጨረሻ ላይ ጀልባዋ እንደመጣች ሆነች፤ የገረጣች፣ የፈዘዘች፣ ዓይን የማትይዝ።

በማግስቱ ገበያነሽ ሥራውን ጀመረች። ከላይ ሰማያዊ የፕላስቲክ ሸራ ወጥረው ዝናቡን ከለከሉላት። ከጀልባዋ ኋላ ተነሥታ ወደ ፊት ነው የምትሄደው። የምትሠራበትን ቦታ አስቀድማ በእርሳስ ታሰምርበታለች፤ መስመሩ የጠፋበት ተፈግፍጓል፤ መስመሩ የቀረበት ዝቅ ያለ ነው ማለት ነው። ወረቀቱን በጎማ ቁራጭ ላይ ጠቅልላ፣ ውሃ እያፈሰሰች ትገፋለች። ወተት የመሰለ ውሃ በጀልባዋ ጎን እየወረደ መሬቱን አነጣው። የመኪና ቀለም ስስ ነው፤ ትንሽ ከተጫኑት ቆርቆሮው ብቅ ይላል። የጀልባዋ ሽፋን ግን ወፍራም ነበርና መጀመሪያ ላይ ፈራችው፤ በኋላ ለመደችው። ሻካራው ወረቀት ያኖረውን ጭረት መካከለኛው ያጠፋል፤ የመካከለኛውን ለስላሳው። ሦስቱ ሲያልቁ ጀልባዋ ልሙጥ ናት እንጂ አታበራም። ከዚያ የሚወለውለው ክሬም ይቀባል፤ የበግ ፀጉር የለበሰው ማሽን ይዞራል፤ ብርሃኑ የሚመጣው ያኔ ነው።

«ገበያዬ፣ ፊትሽን እያየሽባት ነው?» ይሏታል ጋሽ ፈለቀ ሲያልፉ።

«የእርስዎን ሆድ ነው የማየው። አልወጣ አለኝ።»

የኋላው አበራ፤ የቀኙ ጎን አበራ። ወደ ግራው ጎን ዞረች። ከጀልባዋ አፍንጫ ትንሽ ወረድ ብሎ፣ ውሃ ከሚነካው መስመር በላይ፣ ማሽኑን አዙራ ክሬሙን ስትጠርግ አንድ ትሪ የሚያክል ቦታ ከቀረው ተለይቶ ታያት። ቆሻሻ አልነበረም። ነጭ ነው፤ ግን ሌላ ነጭ ነው፤ ቀዝቀዝ ያለ፣ ወደ ውሃ ሰማያዊ የሚያደላ። የሸራው ጥላ መሰላት። ሸራውን በአንድ በኩል ፈትታ ገለጠችው። የቀረው የጀልባዋ አካል በፀሐዩ ሞቀና የወተት መልክ ያዘ፤ ያ ቦታ ግን ሰማያዊ እንደሆነ ቀረ።

ማሽኑን አጠፋች።

የጥገና ቦታ ነው። ማንም ያውቀዋል፤ ጀልባዋ እዚህ ጋ ተበስታ ነበር። የጥገና ዳር ደግሞ፣ ምንም ቢፈግፍጉት፣ ለእጅ ይታወቃል። የነጠላ ቁራጯን አውጥታ መዳፏን አለበሰችና ከነባሩ ነጭ ወደ ሰማያዊው አንሸራተተች። መለሰችው። ዳሩን አላገኘችውም። ዓይኗን ጨፍና ሞከረች። ሰማያዊው የት እንደሚጀምር እጇ ሊነግራት አልቻለም።

መሰላል አስደግፋ ወደ ጀልባዋ ውስጥ ገባች። በስልኳ መብራት የጥገናውን ጀርባ ፈለገች፤ ከመቀመጫው ሥር አገኘችው። በሙጫ የተለጠፈው የፋይበር ጨርቅ በመቀስ የተቆረጠ አልነበረም። በአራቱም ዳር ክሩ አንድ በአንድ ተመዝዞ፣ እንደ ነጠላ ዘርፍ ተበትኖ፣ ወደ ጀልባዋ ግድግዳ እየሳሳ ጠፍቷል። እንዲህ የሆነ ጠርዝ አይነሣም፤ ውሃም መግቢያ አያገኝም። ገበያነሽ ዘርፉ ላይ ጣቷን አድርጋ ብዙ ተቀመጠች። ከታች አንዱ ባትላሜራ መዶሻውን እያነሣ ይጥላል።

ማታ ለልጇ ለኢየሩ ነገረቻት። ኢየሩ ሽሮ ሜዳ አንድ ሱቅ ውስጥ ጋቢና ነጠላ ትሸጣለች፤ አጎቷን በዓይኗ አይታው አታውቅም።

«እማዬ፣ የያዝሽው እኮ አንዲት ጀልባ ላይ ያለች ነጥብ ነው» አለች። «ሰውየው ሌላ ቢሆንስ?»

«ይሁና።»

«እሺ ሌላ ሰው ሆኖ ብታገኚውስ?»

«ያንን ሌላ ሰው አይቼ እመለሳለኋ» አለች ገበያነሽ።

በማግስቱ ስትመጣ ጋሽ ፈለቀ ቀድመዋት ነበር። ከጀልባዋ ግራ ጎን ፊት ለፊት ቆመው እጃቸውን ከኋላ አጣምረዋል። በዚህ ጋራዥ ነጭ ቀለም በተበላሸ ቁጥር «ኢሳይያስ ነክቶት ነው?» የማለት ልማድ ነበራቸው፤ አንድ ቀን የገበያነሽን ፊት አይተው ተውት። አሁን ባልዲውን ሞልታ፣ ወረቀቶቹን ዘፍዝፋ እስክትቆም ጠበቁ።

«ይሄ የኛ ጋራዥ ሥራ ነው» አሉ።

«አዎ።»

«ያ ዱቄት።»

«አዎ፣ ጋሽ ፈለቀ።»

«አልተወውም ማለት ነው» አሉና ወደ ቢሯቸው ገቡ።

ኪብሮን ከሰዓት በኋላ መጣ። ጀልባዋን ዞሮ ዞሮ አደነቃት፤ ግራው ጎን ላይ ሲደርስ ቆመ።

«እቺ ደግሞ ምንድን ናት፣ እትዬ ገበያነሽ?»

«የቆየ ጥገና ነው። የበነነው ነጭ ሸፍኖት ነበር።»

«በሉ ይፈግፈግና በአዲስ ነጭ ይሞላ። ፎቶ የሚነሣው በዚህ በኩል ነው።»

«የጠገናት ማነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ሳልገዛት በፊት የተሠራ ይሆናል።»

«ለሸጠልህ ሰው ደውልልኝ።»

ኪብሮን ፊቷን አየና ስልኩን አወጣ። ሻጩ ቢሊሱማ ይባላል፤ ጀልባ ትቶ አሁን አርባ ምንጭ ላይ የእህል መጋዘን ይዟል። ኪብሮን የስልኩን ድምፅ ለሁሉም እንዲሰማ አደረገው።

«ኪብሮኔ፣ ጀልባዬን ልትመልስልኝ ነው?» አለ ቢሊሱማ።

«ሞኝህን ፈልግ። ስማኝማ፣ ግራ ጎኗ ላይ ጥገና አለ። ምን ሆና ነው?»

«ጉማሬ ነዋ። ጥርሱን ሰክቶባት ሄደ። እንግዶቹ እስካሁን እየሮጡ ይሆናል።»

«ማን ጠገናት?»

«አንድ ቀጭን ሰውዬ። ከዳር፣ ከሾላው ሥር ነው የሚሠራው። አዲሳቤው እንለዋለን። ትውልዱ ከዚሁ ከተራራው ነው ይሉታል፤ አማርኛው ግን እንደናንተው ነው።»

ገበያነሽ ወደ ስልኩ ተጠጋች። «ጤና ይስጥልኝ። ሰውየው ሲሠራ በጨርቅ ይዳብሳል?»

«ማን ልበል?»

«የጀልባዋ ሠራተኛ ነኝ።»

«ይዳብሳል፣ እመቤት። በጨርቅ አድርጎ እንደ ፈረስ ሲያሻሻት ይውላል። እንዴት አወቅሽ?»

ኪብሮን ቀጠለ። «ቀለሙ ሰማያዊ ሆኖ እንዴት ተቀበልከው?»

«ተቆጥቼዋለሁ እኮ! ምነው ዓይን የለህም ወይ አልኩት። "ውሃ ላይ አውርዳት፤ ከታየህ ተመልሰህ ተቆጣኝ" አለኝ። አወረድኳት።»

«እሺ?»

«እሺማ፣ አልተመለስኩም።»

ጋሽ ፈለቀ ከቢሯቸው ወጥተው በሩ ላይ ቆመው ነበር።

«አሁን የት ነው?» አለች ገበያነሽ።

«ካየሁት ሁለት ክረምት ሆኖኛል። ዓሣ አስጋሪዎቹ ወዲያ ማዶ ሲሻገሩ አብሯቸው ሄዷል የሚሉ አሉ። ታሟል የሚሉም አሉ። ስልክ አይዝም። ለመስቀል ሁሉም ወደ ተራራው ሲወጣ ከዳር የሚቀረው እሱ ብቻ ነበር፤ ጀልባዎቻችንን እሱ ነው የሚጠብቅልን። ዘንድሮ እንግዲህ እንጃ።»

ስልኩ ተዘጋ። ወፍጮው እየጮኸ ነበር። በገበያነሽ ዓይን ላይ የመጣው ያ የዶርዜ አፋፍ ነው፤ የበሬው ሥጋ የሚመደብበት ሜዳ ከኋላዋ፣ ሰማያዊው ውሃ ከእግሯ ሥር። ስንት መስቀል እንደቆመችበት መቁጠር አልፈለገችም። ከዚያ ከፍታ ጀልባ የሰሊጥ ፍሬ አታክልም፤ ሰውማ ጭራሽ አይታይም።

ኪብሮን ጉሮሮውን ጠረገ። የማን ነገር እንደሆነ ጋሽ ፈለቀ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነገሩት፤ «ወንድሟ ነው፤ ከዚህ ነው የሄደው» ብቻ አሉ። ወጣቱ ግራ ገብቶት እንደገና ወደ ጥገናው ዞረ።

«ይገባኛል፣ እትዬ። እግዜር ያገናኛችሁ። ግን... ማለቴ፣ ይሄው ይታያል እኮ።»

«እዚህ ውሃ የለም» አለች ገበያነሽ።

«አዎ፣ ግን...»

«አራት ዓመት ሐይቅ ላይ ነድተሃታል። አይተኸዋል?»

አሰበ። «አላየሁትም። ግን ያኔ ፈዛ ነበር፤ ሁሉም አንድ ነበር።»

«ይሆናል። እንግዲያው እንዲህ እናድርግ። አብሬህ ልውረድ። ወረቀቴን፣ ነጩን ጄልኮት፣ ማጠንከሪያውን እይዛለሁ። ውሃ ላይ ትውረድና ከዳር ሆነን እንያት። ከታየህ እዚያው ፈግፍጌ እሞላልሃለሁ፤ ለእንግዶችህ ይደርሳል። ካልታየህ እንደሠራው ይቆይ።»

«እሱን ፍለጋ ነው የምትሄጂው ወይስ ለጀልባዋ?»

«ሁለቱም አንድ መንገድ ነው።»

ኪብሮን ወደ ጋሽ ፈለቀ አየ።

«ምን ታየኛለህ?» አሉት። «ሥራው የጋራዤ ነው፤ ዋሱ እኔ ነኝ። ያን ጊዜ መኪናውን ፀሐይ ላይ አውጥቼ ፈረድኩበት። ውሃ ላይ አውጣልኝ ቢለኝ ኖሮ የሐኪሙን መርሴዲስ ጫሞ ድረስ እወስድለት ነበር እንዴ?» ማንም አልሳቀም፤ እሳቸውም አልሳቁም።

ኪብሮን ተስማማ። ጀልባዋ ከመስቀል በፊት ባለው ዓርብ ትጫናለች ተባለ።

የቀሩትን ቀናት ገበያነሽ የጀልባዋን አፍንጫ ስትጨርስ፣ መላ አካሏን ሰም ስትቀባ ከረመች። ጥገናው ላይ ስትደርስ ከሌላው ቦታ የተለየ ነገር አላደረገችም፤ ያው ወረቀት፣ ያው ውሃ፣ ያው ክሬም። የምታውቀው እጅ የሠራውን እንደማያውቁት ሰው ሥራ በእኩል ማሸት ግን ከባድ ሆኖባት ነበር፤ ክንዷ ቀለል ሊልባት፣ ሊሳሳላት ይፈልጋል። ሳስቶ የተወለወለ ደግሞ በኋላ ይፈዛል። ጫን አለችው። ሰማያዊው ይበልጥ ጠራ።

ሐሙስ ማታ ሽሮ ሜዳ ላይ ሸማኔዎቹ ሱቆቻቸውን እየዘጉ ነበር። የዶርዜ ሰው ሁሉ እየሄደ ነው፤ ከአስፋልቱ ዳር አዳዲስ ፍራሾች፣ ብርድ ልብሶች፣ በገመድ የታሰሩ ሻንጣዎች ተደርድረዋል። አንድ የአባቷ ጓደኛ አዩዋትና «ዘንድሮ ትሄጃለሽ?» አሏት።

«እሄዳለሁ።»

«ወደ ላይ ነው?»

«መጀመሪያ ወደ ታች» አለች።

ሰውየው አልገባቸውም፤ ቢሆንም «እሰይ፣ በሰላም ግቢ» ብለው መረቋት። ኢየሩ ከምትሠራበት ሱቅ አንድ ጋቢ በቅናሽ አስወጥታ ነበር። ስትዘረጋው ጥለት የሌለው፣ ዳር እስከ ዳር ነጭ ነው።

«ለሌላው ሰውዬ ነው» አለች። «አጎቴም ከሆነ ይስማማዋል።»

ገበያነሽ ጋቢውን አጥፋ ሻንጣዋ ውስጥ ከወረቀቶቹ በላይ አስቀመጠችው።

ዓርብ ገና ጎህ ሳይቀድ ጀልባዋ አይሱዙው ላይ ታስራ ነበር። ጋሽ ፈለቀ ገመዶቹን አንድ በአንድ ጎተት ጎተት እያደረጉ ሞከሩ፤ ሹፌሩ ራሱ ሞክሯቸው ነበር። ገበያነሽ ጋቢናው ውስጥ በኪብሮንና በሹፌሩ መካከል ተቀምጣለች። ጋሽ ፈለቀ ወደ መስኮቱ መጡ።

«ካገኘሽው...» አሉና አቋረጡ።

«ምን ልበልልዎት?»

ወደ ግቢው ዞር ብለው አዩ። ዛሬ ወረቀት የሚዘፈዝፍ ሰው ስለሌለ ባልዲው ከቧንቧው ሥር ተደፍቷል።

«ባልዲው ያው ነው በይው» አሉ።

አይሱዙው ተነሣ። መንገዱ በቡታጅራ፣ በሆሳዕና፣ በሶዶ አድርጎ አርባ ምንጭ ሲደርስ ይመሻል። ቅዳሜ ጠዋት ጀልባዋ ጫሞ ላይ ትወርዳለች፤ ገበያነሽ ከዳር፣ ከሾላው ሥር ቆማ ታያታለች።